የመኪናው ካርታ ሲያረጅ ማን ያድሰዋል?

ባለፈው እትም መንገድ ስለሚመሩ መሣሪያዎች ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከመኪናው ጋር ተገጥሞ የሚመጣው ናቪጌሽን ይሻላል ወይስ መስታወት ላይ የሚለጠፈው? ለዛሬ አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ የሌሎቹም ጥያቄ ሥሩ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዲስ መኪና ልገዛ ነው። ሻጮቹ ሁለት ዓይነት አቅርበውልኛል። አንዱ ናቪጌሽን ከፋብሪካ የተገጠመለት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ሌላው ስክሪን አለው፣ ናቪጌሽን ግን የለውም። ወንድሜ «ርካሹን ውሰድና የሚለጠፍ ግዛ» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሽቦ የተንጠለጠለበት መኪና አልፈልግም ትላለች። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ረጅም መንገድ እነዳለሁ። ምን ይሉኛል?
— ልፈርም የተቃረብኩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳይፈርሙ በመጻፍዎ ደስ ብሎኛል። ከፈረሙ በኋላ የሚጽፉልኝ ይበዛሉ፤ ያኔ ልረዳቸው የምችለው ትንሽ ነው።

መጀመሪያ ለፋብሪካው ናቪጌሽን የሚገባውን ልስጠው። ሰማይ በማይታይበት ቦታ የሚያህለው የለም። አንድ ጊዜ ረጅም የዋሻ መንገድ ውስጥ ገባሁ። ዋሻው መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል። መስታወቱ ላይ የለጠፍኩት መሣሪያ ከገባን ጀምሮ ሳተላይት አጣ፤ ቀስቱ ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀኙን ልያዝ ግራውን ሳላውቅ መገንጠያው ደረሰ። በግምት ያዝኩ፤ ተሳሳትኩ። ለመመለስ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዓመታት በኋላ በዚያው ዋሻ ናቪጌሽን አብሮት በተሠራ መኪና አለፍኩ። ቀስቱ አልቆመም። መገንጠያው 300 ሜትር ሲቀረው ነገረኝ፤ በትክክል።

ይህ የሆነው መኪናው የራሱን እንቅስቃሴ ስለሚያውቅ ነው። ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራል። ወዴት እንደታጠፈ የሚለካ ጋይሮስኮፕ አለው። ሳተላይት ሲጠፋ፣ ከሚያውቀው የመጨረሻ ቦታ ተነስቶ ይህን ያህል ሄድኩ፣ ይህን ያህል ታጠፍኩ እያለ ያሰላል። ብልሃቱ በመኪና ውስጥ ሳተላይትን ይቀድማል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ካርታ አሳይ መሣሪያ ከሳተላይት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በጋይሮስኮፕና በተሄደው ርቀት ብቻ እያሰላ፣ በስስ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ካርታ ላይ መኪናው የት እንዳለ ያሳይ ነበር። በሳተላይት የሚሠራ ናቪጌሽን ከፋብሪካ የተገጠመለት መኪና የመጣው በ1990 ነው፤ የማዝዳው ዩኖስ ኮስሞ።

ሌላም ጥቅም አለው። በብዙዎቹ አንቴናው ጣሪያ ላይ ነው፤ ሰማዩን በደንብ ያያል። ድምፁ በመኪናው ስፒከር ይወጣል፤ ሬዲዮውን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። በአንዳንዱ መኪና ቀስቱ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ስለሚታይ ዓይን ከመንገድ ብዙ አይርቅም። የሚገዙት የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይለወጣል። የፋብሪካው ናቪጌሽን ባትሪው ስንት እንደቀረው ያውቃል፤ የት ቆመው ቻርጅ ማድረግ እንዳለብዎ ያቅዳል። ቻርጅ ማድረጊያው ሲቃረብ ባትሪውን አስቀድመው የሚያሞቁም አሉ። መስታወት ላይ የተለጠፈ መሣሪያ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ መልሴ አጭር ነው፦ የፋብሪካውን ይውሰዱ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። መኪና 15 ዓመት ይነዳል፤ በደንብ ከያዙት ከዚያም በላይ። ካርታ ግን በዓመት ውስጥ ማርጀት ይጀምራል። አደባባዩ ፈርሶ መብራት ይተከልበታል። በሁለት አቅጣጫ ይነዳበት የነበረው መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል። አዲስ ማሳለጫ ይከፈታል። ስለዚህ የስክሪኑን ስፋት ከማየትዎ በፊት ሻጩን ይህን ይጠይቁት፦ ካርታውን ማን ነው የሚያድሰው? በምን መንገድ? እስከ መቼ?

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ሁለተኛዋ መኪናዬ ናቪጌሽን ተገጥሞላት ነው የመጣችው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በጣም ወደድኩት። በአምስተኛው ዓመት አዲስ በተከፈተ መንገድ ስነዳ፣ ስክሪኑ ላይ መኪናዬ ባዶ ሜዳ እያቋረጠች ነበር። «ሲቻልዎ ወደ ኋላ ይመለሱ» ይለኛል፤ ደጋግሞ። ወደ ሻጩ ሄድኩ። የአዲሱ ካርታ ዋጋ አንድ ሙሉ ተለጣፊ ናቪጌሽን ይገዛ ነበር። እየቆጨኝ ከፈልኩ። ካርታው የመጣው በካርድ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ከመኪናዋ የሻሲ ቁጥር ጋር የታሰረ ነው፣ ለሌላ አይሠራም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ ስጠይቅ «ለዚህ ሞዴል ካርታ ማውጣት ቆሟል» አሉኝ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ ሞተሯ ኮሽ አይልም። ወደ ኋላ ተመለስ የሚል ስክሪን ዳሽቦርዷ ላይ ይዛ ስድስት ዓመት ተጨማሪ ነዳኋት።

ኢንተርኔት ያለው ናቪጌሽን ይህን ችግር ይፈታል ይሉዎታል። በከፊል እውነት ነው። ዛሬ ካርታቸውን በራሳቸው እያወረዱ የሚያድሱ መኪኖች አሉ፤ ጥሩ ናቸው። ግን መኪናውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሞደም የሚሠራው ኔትወርኩ እስካለ ድረስ ነው። በአሜሪካ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የ3ጂ ኔትወርኩን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ሲዘጋ፣ በዚያ ብቻ ይገናኙ የነበሩ ብዙ መኪኖች ከኢንተርኔት ተቆረጡ። ስልክ ቢሆን ሌላ ይገዛል። የመኪና ሞደም ግን እንደዚያ በቀላሉ አይቀየርም። ደንበኝነቱም ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ።

የሚለጠፈው ትልቁ ጥቅሙ ከመኪናው መለየቱ ነው። ሲያረጅ እሱን ብቻ ይቀይራሉ። መኪና ሲቀይሩም ይዘውት ይሄዳሉ። ካርታው ውስጡ ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ይሠራል። ካርቶኑ ላይ «የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚል ካዩ፣ ዕድሜው የመሣሪያው ነው፤ አምራቹ ያንን ሞዴል መደገፍ እስኪያቆም ድረስ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ለአንድ መሣሪያ በቂ ጊዜ ነው።

ጉዳቱን ደግሞ አልደብቅዎትም። ባለቤትዎ ስለ ሽቦው ያሉት ልክ ነው፤ ማርሽ ሲቀይሩ እጅዎ ላይ ይጠመጠማል። የውስጥ ባትሪው ትንሽ ነው፤ ካልተሰካ ብዙ አይቆይም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ እንዲህ ባለ ሙቀት ይጎዳል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ሌባም ዓይኑን ይጥልበታል። የእኔን መሳቢያ ውስጥ ደብቄው ሳለ መስታወት ተሰብሮ ተወሰደ። መሣሪያው ከውጭ አይታይም ነበር። የታየው፣ መያዣው የፊት መስታወቱ ላይ የተወው ክብ ምልክት ነው። ከዚያ ወዲህ ባነሳሁት ቁጥር መስታወቱን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ከመሣሪያው ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን «ቤት» በሚለው ስር የቤቴ አድራሻ መኖሩ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን «ቤት» ብዬ የማስቀምጠው ሠፈራችን መግቢያ ላይ ያለውን ነዳጅ ማደያ ነው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

እርስዎ ግን ወንድምዎ ያልነገርዎት ሦስተኛ ምርጫ አለዎት። ርካሹ መኪና ስክሪን አለው ብለዋል። ያ ስክሪን አፕል ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። ካርፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አንድሮይድ አውቶ በ2015 ነው የመጡት። ስልክዎን ሲያገናኙ የስልኩ ካርታ በመኪናው ስክሪን ላይ ይወጣል። ካርታው የሚታደሰው በስልክዎ ነው። ስልኩ ሲያረጅ ሌላ ስልክ ይገዛሉ፤ ስክሪኑ ባለበት ይቀጥላል። መስታወት ላይ የሚንጠለጠል ነገር የለም፤ በአንዳንዱ መኪና ያለ ሽቦም ይገናኛል። ጎግል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 በስልክ ላይ በነጻ መንገድ መምራት ሲጀምር የተለጣፊ ናቪጌሽን አምራቾቹ የጋርሚንና የቶምቶም አክሲዮን ወዲያው ወረደ። ነጋዴው ያኔ ያየውን እኛ ቆይተን ነው ያየነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ስክሪኑ ከካርፕሌይና ከአንድሮይድ አውቶ አንዱን የሚቀበል ከሆነ ርካሹን መኪና ይውሰዱ። ለረጅሙ መንገድ፣ ከመነሳትዎ በፊት ቤት ዋይፋይ ላይ ሆነው የሚሄዱበትን አካባቢ ካርታ ስልክዎ ላይ ኦፍላይን ያውርዱ። ብዙ ሰው ጂፒኤስ፣ ማለትም ቦታን በሳተላይት ማወቂያው፣ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ይላል። ይሠራል። የሳተላይቱን ምልክት ስልኩ ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታውን ለማምጣትና የት እንደተዘጋጋ ለማወቅ ነው።

ስክሪኑ ሁለቱንም የማይቀበል ከሆነስ? የሚለጠፈውን ይግዙ። ሽቦውን ለመኪና ኤሌትሪሺያን ሰጥተው በመስታወቱ ጠርዝ ሽፋን ስር ያስደብቁትና ከፊውዝ ሳጥኑ ያስቀጥሉት። ባለቤትዎ ሽቦ አያዩም። ሽቦውም ሆነ መሣሪያው ግን ኤርባግ የሚወጣበት ፊት እንዳይሆን።

ውድ የሆነውን ካማረዎት ደግሞ ለሙከራ ሲነዱት አንድ ነገር ይሞክሩ። ባለፈው ዓመት የተከፈተ የሚያውቁት መንገድ ላይ ያለ ቦታ ፈልግልኝ ይበሉት። መንገዱን ካላወቀው፣ አዲስ መኪና ውስጥ አሮጌ ካርታ ሊሸጥልዎ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። ስክሪኑ ሁሉንም ነገር በጃፓንኛ ነው የሚያወራኝ፤ ካርታውም ጃፓንን ብቻ ነው የሚያሳየው። «ቋንቋውን እቀይርልሃለሁ» የሚል ሰው አግኝቻለሁ። ልክፈለው?
— ዕለት ዕለት ጃፓንኛ የምሰማ

መልስ፦ ሠርቶ ሳያሳይዎት እንዳይከፍሉ። ቋንቋና ካርታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አብዛኞቹ ስክሪኖች ሌላ ቋንቋ ውስጣቸው የለም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ቢያስሱ አያገኙትም። ለተወሰኑ ሞዴሎች ሜኑውን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ። ቢሳካላቸው እንኳ የሚለወጠው ሜኑው ነው፤ ካርታው ጃፓን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየውን «እዚህ የቆምንበትን መንገድ ካርታው ላይ ታሳየኛለህ?» ብለው ይጠይቁት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እባክዎ ልብ ይበሉት። የካርታውን ኤስዲ ካርድ አያውጡ፣ ለማንም አይስጡ። አንዳንዶቹ ስክሪኖች የባትሪ ገመድ ሲነቀል ይቆለፋሉ፤ ለመክፈት ያንኑ ካርድና ኮድ ይጠይቃሉ። ካርዱ ከጠፋ ሬዲዮውም አይሠራም። አንድ ጓደኛዬ ካርዱ «ባዶ ነው» ተብሎ ሙዚቃ ተጭኖበት ተመለሰለት። ባትሪ የቀየረ ቀን ስክሪኑ ጨለመበት፤ እስከ ዛሬ እንደጨለመ ነው።

ስክሪኑን አውጥቶ ሌላ መግጠም ሌላው መንገድ ነው። ከዚያ በፊት የኋላ ካሜራው፣ የኤሲው መቆጣጠሪያ፣ መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች በዚያ ስክሪን በኩል የሚሠሩ መሆናቸውን ያጣሩ። የሚሠሩ ከሆነ አዲሱ ስክሪን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ለሞዴልዎ የተሠራ ሳጥን ያስፈልገዋል። ያ ሳጥን ከሌለ እኔ ብሆን የፋብሪካውን ስክሪን አልነካም። ጃፓንኛውን ድምፁን ዘግቼ፣ ተለጣፊ ናቪጌሽን ወይም ጥሩ መያዣ ያለው ስልክ አጠገቡ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ አንድሮይድ ስክሪን አስገጠምኩ። ካርታው ላይ ያለው ቀስት ይዘላል። አንዴ ጎን ባለው መንገድ ላይ፣ አንዴ ሕንፃ ውስጥ ይወጣል። ስልኬ ግን እዚያው መኪና ውስጥ በትክክል ይሠራል። የገጠመልኝ ልጅ «ሳተላይቱ ደካማ ስለሆነ ነው» ይላል። በዚያ ላይ መኪናው ሁለት ቀን ከቆመ አይነሳም።
— በቀስት የተቸገረ

መልስ፦ ስልክዎ እዚያው ቁጭ ብሎ በትክክል ከሠራ ጥፋቱ የሳተላይቱ አይደለም። አንቴናው ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ። የሚልኩት በዋናነት የት እንዳሉና ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። መሣሪያው ምልክቱ በመንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። ቦታውን በደንብ ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ማየት አለበት። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ መዛባት ርቀቱ ላይ 300 ሜትር ያህል ስህተት ያመጣል። ምልክቱ በቀጥታ መምጣቱን ትቶ ከሕንፃ ግድግዳ ወይም ከብረት ላይ ነጥሮ ሲመጣ መንገዱ ይረዝማል። መሣሪያው ይህን አያውቅም፤ ያገኘውን ያምናል። ቀስቱ የሚዘልለው ለዚህ ነው።

ስክሪንዎ ሲመጣ ክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር አራት ማዕዘን ነገር በረጅም ሽቦ አብራው ነበረች። አንቴናው እሷ ናት። ገጣሚዎች ሲቸኩሉ ከስክሪኑ ጀርባ፣ ከብረቱ መሃል ይወረውሯታል። እዚያ ሆና ሰማይ አታይም። አስወጥተው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ስር፣ ጀርባዋን ወደ ታች አድርገው ጠፍጣፋ ያስቀምጧት። አንዳንድ መኪና ሙቀት እንዳያስገባ መስታወቱ ውስጥ ስስ የብረት ሽፋን አለው፤ እሱም ምልክት ይከለክላል። እንዲህ ባለው መኪና ብዙ ጊዜ ከውስጥ መመልከቻው መስታወት አካባቢ ሽፋን የሌለው ቦታ ይተዋል፤ አንቴናዋን እዚያ ያስጠጓት። አሁንም ከዘለለ፣ መንገዱን የሚቀርጽ ዳሽካሜራ ካለዎት ነቅለው ይሞክሩ። ርካሽ ካሜራና ርካሽ ቻርጀር የጂፒኤስ ምልክት የሚረብሽ ጫጫታ ያወጣሉ። እኔ ራሴ ሦስት ሳምንት ስክሪን ስረግም ቆይቼ ጥፋተኛው ቻርጀር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቀስቱ በጥቂት ሜትሮች ብቻ፣ ያውም ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል የሚሳሳት ከሆነ ግን ይታገሱት። እስከ እ.ኤ.አ. ሜይ 2000 ድረስ አሜሪካ ሲቪሉ የሚቀበለውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባው ነበር፤ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ጥሩ መሣሪያ ከአሜሪካው በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አብሮ ይቀበላል። ስክሪን ስትገዙ የትኞቹን እንደሚቀበል ጠይቁ።

የባትሪው ነገር ሽቦ ነው። በእነዚህ ስክሪኖች ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ላይ ይገባል፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ላይ። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ ገጣሚ ስክሪኑን ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛውም። ወደ ልጁ ይመለሱና በመለኪያ ያሳይዎት። ቁልፍ ተነቅሎ ቀዩ ላይ ቮልት ካለ፣ ያስተካክለው፤ ገንዘብ ሳይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ኮንቴይነር እጭናለሁ። ስልኬ ይበቃኛል ወይስ ለጭነት መኪና የተሠራ ናቪጌሽን ልግዛ? ጓደኞቼ ብርህን አታባክን ይላሉ።
— በመንገድ ላይ ያለ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለእርስዎ ይግዙ እላለሁ፤ ሳላመነታ። የስልክ ካርታ እርስዎን የሚያየው እንደ ቤት መኪና ነው። አጭሩን መንገድ ሲመርጥ ድልድዩ ስንት ቶን እንደሚሸከም፣ ማሳለጫው ስሩ ስንት ሜትር እንደሆነ አይጠይቅም። ለጭነት መኪና የተሠራው መጀመሪያ ሲከፍቱት ቁመትዎን፣ ርዝመትዎን፣ ክብደትዎን ይጠይቃል፤ በዚያ ልክ መንገድ ይመርጣል።

የሚያስገቡት ቁጥር ግን ትክክል ይሁን። ተራው ኮንቴይነር ቁመቱ 2.59 ሜትር ነው። ከፍ ያለው ዓይነት 2.90 ሜትር ነው። ልዩነቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ድልድይ ስር 30 ሴንቲ ሜትር ማለት ጣሪያው መቀደዱ ወይም በሰላም ማለፉ ነው። ጭነት በቀየሩ ቁጥር ቁጥሩንም ይቀይሩ። ከመሬት እስከ ኮንቴይነሩ ጫፍ በሜትር ለክተው ወረቀት ላይ ጽፈው ፀሐይ መከላከያው ላይ ይለጥፉት።

ካርታው ውስጥ ቁመቱ ያልተመዘገበ ድልድይ ካለ ግን መሣሪያው ዝም ይላል። ዝም አለ ማለት ማለፍ ይቻላል ማለት አይደለም። ድልድዩ ላይ ያለውን የቁመት ምልክት አንብቡ፤ ጥርጣሬ ካለ ወርዳችሁ እዩ። ከኋላ የሚያስጮኸው ሰው ይጠብቅ።

ቻርጀሩን ደግሞ ሳያዩ እንዳይሰኩ። ብዙ የጭነት መኪና በ24 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የቤት መኪና በ12። ቻርጀሩ ላይ «12–24» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ለ12 ብቻ የተሠራውን 24 ላይ ቢሰኩት ይቃጠላል፤ መሣሪያውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስልክዎን አይጣሉት፤ ኦፍላይን ካርታ ጭነው መጠባበቂያ ያድርጉት። ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተለጥፎ ካርታ የሚያሳይ ስልክ ግሎ ራሱን ያጠፋል፤ ይህን እርስዎም ሳያዩ አይቀሩም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነዎት? መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አባቴ በፊት ይጠቀምበት የነበረውን ተለጣፊ ጋርሚን ሰጠኝ። ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከፈትኩት፤ ቀኑ በ20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ነው። ሳተላይት ለማግኘትም ብዙ ቆየ። ልጣለው?
— አዲስ ሹፌር

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አትጣዪው።

የቀኑ ነገር አንቺም አባትሽም ያበላሻችሁት አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይት ሳምንት እየቆጠረ ይልካል፤ ቁጥሩ 1024 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። ይህም በየ20 ዓመቱ ገደማ የሚሆን ነው። አንዴ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999፣ ቀጥሎ በኤፕሪል 2019 ሆኗል። አሮጌ ሶፍትዌር ያለው መሣሪያ ዜሮውን ሲያይ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተሽ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጊው። ለሞዴሉ አፕዴት ከሌለ ቀኑንና «የምትደርሺበት ሰዓት» የሚለውን አትመኚው፤ መንገዱን ግን ብዙ ጊዜ በትክክል ያሳያል።

የቆየው ደግሞ ለዓመታት ተዘግቶ ስለኖረ ነው። ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚነግረው ዝርዝር ጠፍቶበታል። ዝርዝሩን ከሳተላይቱ ለመቀበል ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ሜዳ ላይ መኪናዋን አቁመሽ፣ ሳትነጂ፣ 15 ደቂቃ ተዪው። ከዚያ ወዲያ ቶሎ ቶሎ ያገኛል።

ካርታው ማርጀቱ አይቀርም። አምራቹ ማውጣት ካቆመ፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ የተዘጋጁ ለጋርሚን የሚሆኑ ነጻ ካርታዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ። በማስታወሻ ካርድ ይጫናሉ። የቆየ መሣሪያ ትልቅ ካርድ ላይቀበል ስለሚችል በትንሹ ጀምሪ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን የተቀመጡ ቦታዎች የሚለውን ክፈቺ። አባትሽ በእነዚያ ዓመታት ያስቀመጧቸው ቦታዎች እዚያ አሉ። መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከመለስሽው ይጠፋሉ። አባትሽን አጠገብሽ አስቀምጪና አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጪያቸው፤ ማን ቤት እንደሆነ ይንገሩሽ።